የጉልበት ምራን

«ሁለት አጥንት አንዱ ባንዱ ላይ ሲቆም፣ ጉልበት እንዳይናድ ምን ይዞት ነው?» ብላ ገነት ስትጠይቃት እቴነሽ ያን ጊዜ «እግዜር ነዋ!» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ነሐሴ ነበር። የእቴነሽ ልጅ የፍቅርተ እግር ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ታጠፈና አበጠ። ፍቅርተ ደግሞ ባሕር ዳር ለሩጫ ሥልጠና ተመርጣ ጥቅምትን ትጠባበቃለች። እናት ልጇን በበቅሎ ጭና በጋፋት በኩል ወደ ወጌሻው ወደ አያ ሙላቴ ስትገሰግስ፣ ደብረ ታቦር በፊዚዮቴራፒ ባለሙያነት የምትሠራውን ገነትን መንገድ ላይ አገኘቻት። ገነትም ያን ጥያቄ እዚያው ጠይቃት አብራት ወጌሻው ቤት ገባች።

አያ ሙላቴ እጃቸውን ቅቤ ቀብተው፣ «ውልቃት ነው። አንዴ ስስበው ቀጥ ይላል» አሉ።

«እባክዎ አያ፣ አይሳቡት» አለች ገነት።

«ስንቱን ክንድ ስመልስ አንቺ ተወልደሽ ነበር?»

«አልተወለድኩም። እጅዎንም አከብራለሁ። ግን ልጠይቅዎ፤ ሞፈርና ቀንበርን ምን ያያይዛቸዋል?»

«ምራን ነዋ፣ የቆዳው ጠፍር! ከተማ ገብተሽ ይህንም ረሳሽው?»

«ምራኑ ሲላላ ሞፈሩን ይጎትታሉ?»

«ምን አብዶኝ! በሬዎቹን አቁሜ ጠፍሩን አጠብቃለሁ እንጂ።»

«ጉልበትም እንዲሁ ነው፤ ምራኑ ጅማት ነው። የጭን አጥንት ጫፉ ድቡልቡል፣ የቅልጥም ራስ ጠፍጣፋ፤ ለብቻቸው አይቆሙም። ከውስጥ ሁለት ጅማቶች ተጠላልፈው ቅልጥሙ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ይይዙታል፤ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ደግሞ ወደ ጎን እንዳይከፈት። በመካከል ትራስ የሚሆን ልም አጥንት አለ፤ የጭን ጡንቻም ከላይ ይወጥረዋል። የራስዎ እጅ ይፍረድ፤ አስቀድመው ደህናውን፣ ቀስ ብለው።»

ሽማግሌው ዳሰሱ። ደህናው ጉልበት ንቅንቅ አላለም። የታመመው ግን ከውስጥ በኩል ከፈት ሲል ፍቅርተ «ወይኔ!» አለች። አጥንቱ ከቦታው አልወጣም ነበር።

አያ ሙላቴ ቅቤውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ስቤው ቢሆን ኖሮ የቀረውንም በበጠስኩት ነበር። እቴነሽ፣ ልጅሽን ይዘሽ ከእሷ ጋር ሂጂ።»

የለመደ እጅ የማያውቀውን አላውቅም ሲል ይበልጥ ይከበራል እንጂ አያንስም።

የደብረ ታቦር ሐኪሞች በጉልበቷ ውስጠኛ ጎን ያለው ጅማት በከፊል መበጠሱን አይተው ለጉልበቷ ድጋፍ አሰሩላት፤ ቀጥሎም የጭን ጡንቻዋን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አዘዙ። እቴነሽ አንድ ቀን ቢዘለል ልጄ አካለ ጎደሎ ትሆናለች እያለች በመስጋት፣ በጎልማሶች ትምህርት በተማረችው ቁጥር እያንዳንዱን የእግር ማንሳት ደብተሯ ላይ ጻፈች። እብጠቱ ጎደለ፤ የልጅቱ ጭን ጠነከረ። በአሥረኛው ሳምንት ፍቅርተ ዳገቱን ሮጣ ወጣች፤ እናት ከታች ሆና እልልታዋን አቀለጠችው! አያ ሙላቴም ያበጠ ጉልበት ሲመጣባቸው ሳይነኩ ወደ ደብረ ታቦር መላክ ጀመሩ።

ዛሬ ያንን ጥያቄ የሚጠይቃት ቢኖር፣ እቴነሽ አራቱንም ጅማቶች በጣቷ እየቆጠረች ትመልሳለች።

በጥቅምት ማብቂያ ፍቅርተ ማንም ሳይደግፋት ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ባሕር ዳር ሄደች። እቴነሽ በጎልማሶች ትምህርት ክፍል አግዳሚ ላይ ቀረች፤ ከጎኗ አያ ሙላቴም ሊማሩ አዲስ ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል።