ከሙታን ጋር የተጠራ ስም

ጦርነቱ መብራቱንም መንገዱንም በቆረጠባት አንዲት የገጠር ደብር፣ በጾመ ነቢያት፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፤ ቄስ ገነቱ ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ የምትሠራውን የንስሐ ልጃቸውን የሻረግን ጓሮዋ ድረስ መጥተው፣ ከንብ ቀፎዎቿ አጠገብ ቆመው ይለምኗታል።

የሻረግ፦ አልሠራም አልኩ እኮ! ስንት ጊዜ ልበል?

ቄስ ገነቱ፦ ነገ እኮ ብርሃን ነው፣ የሻረግ። ነቢያት ብርሃንህን ላክልን እያሉ የለመኑት የሚታሰብበት እሑድ። እሱን በጨለማ ልንቀድስ ነው?

የሻረግ፦ ቀድሱ። ነቢያቱም የለመኑት በጨለማ ነው።

ቄስ ገነቱ፦ መጽሐፉን በምን እናንብበው? መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ የከተማ ሻማ አይገባ። ያለሽን አንቺ ብቻ ነሽ።

የሻረግ፦ ዛሬ ነው ያለኋችሁ? ባለፈው እሑድ የት ነበርኩ?

ቄስ ገነቱ፦ ባለፈው እሑድማ ቅዳሴው ሳያልቅ ጥለሽ ወጣሽ። ሰው ሁሉ አየሽ።

የሻረግ፦ ሰው ያየውን ይነግሩኛል፣ እኔ የሰማሁትን አይጠይቁኝም? ወልደ ሰንበትን ከሙታን ጋር ጠሩት!

ቄስ ገነቱ፦ ሰማሽ?

የሻረግ፦ የልጄን የሙላቴን የክርስትና ስም ከእኔና ከእርስዎ በቀር ማን ያውቀዋል? በአርባ ቀኑ ያጠመቁልኝ እርስዎ! ባጠመቁበት አፍዎ ይቀብሩታል?

ቄስ ገነቱ፦ ቀስ በይ፣ ንቦቹ ይነሳሉ።

የሻረግ፦ ይነሱ! እኔ ተነስቼ እነሱ ምን ቀራቸው?

ቄስ ገነቱ፦ ከግንባር የተመለሰ ወታደር ነው የነገረኝ። ከነበሩበት ምሽግ ማንም አልወጣም አለኝ።

የሻረግ፦ ሬሳውን አይቷል?

ቄስ ገነቱ፦ አላየም።

የሻረግ፦ ቀብሮታል?

ቄስ ገነቱ፦ አልቀበረም።

የሻረግ፦ ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ነው የሚባለው። እርስዎ ዕጣን ጨመሩበት!

ቄስ ገነቱ፦ ሁለት ዓመት ሆነው፣ ልጄ። ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ። ነፍሱ ያለ ጸሎት ብትቀርስ ብዬ ነው።

የሻረግ፦ አዳምን አምስት ቀን ተኩል ቆይ ብሎ አምስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት አስጠበቀው፣ ግን ቃሉን አላጠፈም እያሉ ሲያስተምሩኝ ኖሩ። ለእኔ ልጅ ሁለት ዓመት በዛብዎት?

ቄስ ገነቱ፦ እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።

የሻረግ፦ ምኑ ነው ሌላ? ኅዳር ዐሥራ አምስት ጹሚ ያሉኝ እርስዎ፣ የሚመጣ አለና ጠብቂ ያሉኝ እርስዎ! መጠበቅ ከንቱ ከሆነ ይንገሩኛ፣ ወተቴን ልጠጣ!

ቄስ ገነቱ፦ ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። አንቺም እንደሷ ሆንሽ።

የሻረግ፦ አዎ ሆንኩ! አጥንቱን ካላሳዩኝ አላምንም!

ቄስ ገነቱ፦ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፣ የሻረግ...

የሻረግ፦ እርስዎ ደግሞ ሳይጠሩዎት ተዝካሩን ደገሱ!

ቄስ ገነቱ፦ በቃ! በቃ አልኩ! አንቺ ብቻ የወለድሽ መሰለሽ? ከወልደ ሰንበት በፊት ማንን ጠራሁ?

የሻረግ፦ ኃይለ ኢየሱስ ሲሉ ሰምቻለሁ። የማን እንደሆነ ምን አውቄ።

ቄስ ገነቱ፦ የይትባረክ የክርስትና ስም ነው። የልጄ፣ የዲያቆኑ።

የሻረግ፦ ምን አሉ?

ቄስ ገነቱ፦ አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። የራሴን አስቀድሜ ነው ያንቺን ያስከተልኩት።

የሻረግ፦ እናቱ ታውቃለች?

ቄስ ገነቱ፦ ያን ዕለት አሟት ቀረች። ብትመጣ እንዳንቺ ጥላኝ ትወጣ ነበር። አሁንም ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ ትላለች። የደከመኝ እኔ ነኝ። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ አቃተኝ። ሞቷል ብዬ አልቅሼ ልረፍ አልኩ። ይኸው፣ የንስሐ አባትሽ ላንቺ ተናዘዘ።

የሻረግ፦ እርስዎ እንዲያርፉ ልጁ ይሙት? የእኔም ተጨምሮ?

ቄስ ገነቱ፦ አላረፍኩም፣ የሻረግ። ካለፈው እሑድ ወዲህ እህል አልዋጥልህ አለኝ። ተይው በቃ፣ ጧፉም ይቅር። ልሂድ።

የሻረግ፦ የት ነው የሚሄዱት? ይመለሱ! ያን ሰም ያቀብሉኝ።

ቄስ ገነቱ፦ ምን ልታደርጊው?

የሻረግ፦ ልበላው ነዋ! ጧፍ ልሠራበት ነው እንጂ ምን አደርገዋለሁ? ግን ነገ፣ በመንገድ ላሉት የሚጸለየው ሲደርስ፣ ሁለቱንም ከመንገደኞች ጋር ይጠሯቸዋል። በስማቸው!

ቄስ ገነቱ፦ ድምፄ ቢከዳኝስ?

የሻረግ፦ ይክዳዎት! እኔ ከሴቶቹ መሐል ሆኜ እጠራቸዋለሁ፣ የእርስዎን ልጅ አስቀድሜ። ከዚያ ሴት በቅዳሴ መሐል ጮኸች ብለው ያስወጡኝ!