የጭላዳ ክትባትና የአባት ካፖርት

ከደባርቅ ወደ ጎንደር በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ የጃናሞራ ገበሬ በስስ ሸሚዝ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያለችው ወጣት የእንስሳት ሕክምና ተማሪ መሆኗን ነግራቸዋለች።

"አያ፣ በዚህ ብርድ ምነው ያለ ካፖርት?" አለቻቸው።

"ልጄ ለብሳው ገብስ ትጠብቃለች። ጭላዳ ዝንጀሮ ሴት አይፈራም። ካፖርቴንና ባርኔጣዬን ስታደርግ ወንድ ትመስለዋለች።"

"ያምናል?"

"እስክትናገር ድረስ ያምናል።"

"ትምህርቷስ?"

"ቀረች እንጂ። ካልተጠበቀ የምንበላው የለም። መግደሉ ክልክል ነው፤ እኔም አልፈልገውም።"

"በሌላ አገር ዝሆንና የዱር ፈረስ ሲበዛ እንዳይወልድ ይከትቡታል። መርፌውን ከሩቅ ይተኩሱበታል።"

"እንደ ባለቤቴ መርፌ በይኛ።"

"ይመሳሰላል። ጊዜው ሲያልፍ እንደገና ይወጋል።"

"ባለቤቴ እንኳ ቀጠሮዋን ትረሳለች። ለጭላዳ ማን ሊያስታውሰው ነው?"

ተማሪዋ ሳቀች።

"ሸጋ ነገር ነው" አሉ ገበሬው። "መርፌው ለኛ ጭላዳ ቢመጣ ገብሱን ወዲያው ይተወዋል?"

"አይተወውም። ያለው መብላቱን ይቀጥላል። የሚወለደው ሲያንስ ግን መንጋው ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ዓመታት ይፈጃል፣ አያ።"

ጎንደር መግቢያ ላይ ያለችው ወለቃ ስንደርስ ገበሬው የሸሚዛቸውን ኮሌታ ወደ አንገታቸው ሳቡ።

"እንግዲያ እስከዚያ ካፖርቱ ልኳ ይሆናል" አሉ።

እኔ በአጠገቤ የተከፈተውን መስኮት ዘጋሁት።