አንሶላዬና የማይጠፋው አምፖል

እንደምን አደርክ ወንድም ዓለም? መሰላሉን ቀስ አድርገህ አቁም፣ ወለሉ ያንሸራትታል። ልጆች ደህና ናቸው? ተመስገን። የእኔዎቹም ደህና ናቸው... እነዚህን ገንዳ ውስጥ ያሉትን ማለቴ ነው።

ማብሪያ ማጥፊያውን ንቀልና አምፖሉን በቀጥታ አገናኘው ተባልክ? አዪ፣ ያዘዘህ እኮ፣ አብሮኝ ጫጩት ሲያሳድግ የነበረው፣ ጎበዝ ሰው ነው። ብርሃን እንዴት እንደሚወድ! የዓሣ ጫጩት ብርሃን ካየ ይበላል፣ ከበላ ያድጋል አለ፤ እውነቱን ነው። እኔ ነኝ እንጂ ያልተማርኩት፣ ሲመሽ በገንዳዬ ላይ አንሶላ የምጋርድ። ይረፉ ብዬ... ዓሣ ደግሞ ምን ዕረፍት ያውቃል? እሱ የራሱን ገንዳ ሌት ተቀን አበራላቸው። ጫጩቶቹም ከደስታ ይሁን ከምን እንጃ፣ በነጋ ቁጥር ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ይንሳፈፉ ነበር።

የእሱ ቢሮ በር ክፍት ነው እንዴ? ይሁን፣ ምን ክፉ ወጣኝ? እያመሰገንኩ።

ቸርነቱስ ብትል... የማን ዓሣ እንደሰባ አይተው የሚሾሙ እንግዶች ሊመጡ ዋዜማ የገንዳዎቹ ቁጥር የተጻፈባቸው ካርቶኖች ቦታ ተለዋውጠው አደሩ። መቼም ካርቶን እግር አያጣም። የሰቡት የእሱ ሆኑ፣ የሞቱትን ለእኔ ለቀቀልኝ። "ብርሃን ሳይቋረጥባቸው ያደጉ ናቸው" እያለ ሲያስረዳ፣ ያቺ ባለ አበባ አንሶላዬ ከአናቱ በላይ ተንጠልጥላለች። አንዷ እንግዳ ምንድን ናት ብትለው፣ "የአቧራ መከላከያ" አላት። አእምሮ ሲሰጥ እንዲህ ነው።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል እሰማ ነበር፤ ለካ ሹመትም ያወጣል። ከዛሬ ጀምሮ ገንዳው ሁሉ በእሱ እጅ ነው፣ እኔ መረብ አጥባለሁ። አልከፋኝም... ሁለት ወር በእጄ ያበላኋቸው ናቸውና አንጀቴን በሉኝ እንጂ። አንተ ይህን ነቅለህ ስትሄድ፣ ሲመሽ ማን ያጠፋላቸዋል? ተወው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እዚህ ቤት ካልመሸ በየት በኩል ይነጋል?

እስቲ ድምፄን ከፍ አድርጌ ልመርቀው፣ ይሰማም እንደሆን ይስማ። ለጫጩቶቹ የተመኘውን ለራሱም ይስጠው። ብርሃን ከላዩ አይጥፋ፣ ሌት ተቀን ይብራለት። ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ጨለማ አያሳየው... አሜን በል እንጂ፣ ወንድም ዓለም።