ለሁለታችን አንድ መደዳ ስጡን

ስሙኝማ! ሞርሞን ሆኜ ወሎ፣ መርሳ ከተማ ለስብከት ስመጣ «በሳምንቱ ይመለሳል» ያላችሁ ሁሉ ይቺን ድምፅ እስከ መጨረሻው ስሙ! አልደብቃችሁም፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየሰዉ በር ብናንኳኳ አንድ ሰው እንኳ ቁጭ ብሎ አላዋራንም፤ ዛሬም እንዲሁ ከሆነ ሻንጣዬን ልሸክፍ ወስኜ ነበር። ከአገልግሎት ጓደኛዬ ከማርቆስ ጋር ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው መንገድ ስንሄድ፣ አያ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ማሳ ላይ ደቦ ወጥቶ ጤፍ ያጭዳል። እናግዝ አልን። «እሰየው! አንዳችሁ በዚህ ወገን፣ አንዳችሁ በዚያ» አሉን። «አይ አያ ሰይድ፣ በእኛ ሕግ ሁለታችን አንለያይም፣ ገበያ እንኳ አብረን ነው የምንሄደው» ስላቸው አንዱ አጫጅ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ምነው፣ ተጋብታችኋል እንዴ?» ማሳው ሁሉ በሳቅ አለቀ።

ደሜ ፈላ! ክራባቴን ፈትቼ «በቃ፣ ለሁለታችን አንድ መደዳ ስጡን፤ አንተም ጓደኛህን ያዝና ግጠመን!» አልኩት። እኔ እኮ ማጭድ ጨብጬ አላውቅም! ማርቆስ ግን የወላይታ ገበሬ ልጅ ነው፤ ጎንበስ አለና ያንን ጤፍ ላጨው! እኔ ከኋላው ነዶ አስራለሁ፣ ሸሚዜ በላብ ተጣብቋል። ጨርሰን ቀና ስንል ያ ቀልደኛ ገና ሃያ እርምጃ ይቀረዋል! ደቦው በፉጨት ቀለጠ። አያ ሰይድ እጄን ጨብጠው ምን አሉኝ? «ማሻ አላህ! ሃይማኖት እኔም አለኝ፣ እሱን ተዉት። ነገ የወንድሜ ጤፍ ነው፤ ካልመጣችሁ ግን እኔው ራሴ መጥቼ በራችሁን አንኳኳለሁ!» ሰማችሁ? የእኛን በር!