ሁለተኛውን ዲስክ ልነቅል ስል

እኛ ነቀምቴ ሰርግ የምንቀርጽ ሰዎች ክፉ ልማድ አለን፤ ባለሰርጉ ቪዲዮውን ከወሰደ በኋላ ኮምፒውተራችን ላይ ያለውን እናጠፋዋለን። ይህን ላስቀር ብዬ አራት ዲስክ የሚይዝ ማስቀመጫ ለሙከራ አመጣሁ። የዚያን ቀን ኦቦ ቶሌራ የሚባሉ ሽማግሌ ከጊዳ አያና መጥተው የልጃቸውን ሰርግ ቅጂ ጠየቁኝ። የእሳቸው ከቤታቸው ጋር ተቃጥሏል። «ጠፍቷል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩና ወደ ሙከራዬ ዞርኩ። እሳቸው ግን ከወንበሩ አልተነሱም።

ሻጩ «አንድ ዲስክ ቢበላሽ ምንም አይጠፋም» ብሎኛል። ባለቤቶቹ መጥተው ያልወሰዱትን አንድ የጊዳ አያና ሰርግ ወደ ማስቀመጫው አዛውሬ ከፈትኩና ጭፈራው እየታየ አንዱን ዲስክ መዘዝኩት። ማስቀመጫው ጮኸ፤ ጭፈራው ግን አልቆመም። ልቤ አብጦ ሁለተኛውን ልነቅል ስል ኦቦ ቶሌራ ክንዴን ጨምድደው ያዙ።

«ማሎ ልጄ፣ አትንካው! ያቻት፣ እልል የምትለው ባለቤቴ ናት። ከሞተች ወዲህ ፊቷን አላየሁም።»

እጄን ከዲስኩ ላይ አነሳሁ። ሁለተኛውን ብነቅለው ሁሉም ይጠፋ ነበር፤ ሌላ ቅጂ ደግሞ የለኝም። ሴትየዋ እልል ብላ እስክታልፍ አብረን አየን።

«ድገመው» አሉኝ።

እስኪበቃቸው እደግማለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። አልበቃቸውም።