የባዶ ጭነት ፍጥነት

አስተማሪነቱን ትቼ ጀልባ መንዳት ከጀመርኩ ወዲህ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰው ዳቦ ቤት ውስጥ የፎከረውን ባሕር ላይ እንደማይደግመው ነው። ክላይቭ ግን ይህን የሚሰማ ሰው አልነበረም።

በሐምሌ ብርድ ትኩስ የሥጋ ፓይ ልገዛ አልባኒ ወደብ ዳር ካለው ዳቦ ቤት ስገባ፣ ክላይቭን ከእህቱ ልጅ ከብሪዮኒ ጋር አገኘኋቸው። ክላይቭ ዓሣ ነባሪ በምንቀርጽባት ጀልባችን ላይ የቀረጻ ማሽኖቹን የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው፤ ከዚህ ጉዞ በኋላ ጡረታ ይወጣል። ብሪዮኒ ደግሞ ፐርዝ ኮምፒውተር ተምራ ገና መመለሷ ነው።

"ካፒቴን! የምሥራች!" አለኝ ፓዩን እንደጎረሰ። "አዲሱ ዲስክ በሴኮንድ ሦስት ሺህ ሜጋባይት ይጽፋል! ለካሁት እኮ!"

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። እናት ዓሣ ነባሪ ጠላት እንዳይሰማባት ለልጇ የምታወራው በሹክሹክታ ነው። ክላይቭ ያንን ሹክሹክታ ከነምስሉ፣ ሳይቆራረጥ መቅዳት የዕድሜ ልክ ምኞቱ ነው። የውሃ ውስጥ ካሜራዎቻችንና ማዳመጫዎቻችን አንድ ላይ በሴኮንድ ሦስት መቶ ሜጋባይት ያወርዳሉ፤ ዲስኩ ካልደረሰባቸው ቀረጻው ይበጣጠሳል። የምንነሳው በማግስቱ ነበር።

"አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምን እየጻፉበት ነው የለኩት?" አለች ብሪዮኒ።

"ዜሮ ነዋ! ዜሮ በዜሮ። ድሮም ዲስክ የሚለካው በዜሮ ነው።"

"ይኼኛው ግን የሚሰጡትን ሁሉ እየጨመቀ ነው የሚያስቀምጠው፤ አይደለም?"

"ቦታ ይቆጥባል ብዬ እንዲጨምቅ ያዘዝኩት እኔው ነኝ!"

"እንግዲያው ችግሩ እሱ ነው። ዜሮ ብቻ ሲሰጡት፣ 'ይህን ያህል ዜሮ መጣ' ብሎ ጥቂት ይጽፍና ያርፋል። ዲስኩ እኮ አልሮጠም። ሥራ ፈቶ ተቀምጦ ነው ያሞገሱት።"

ዳቦ ሻጯ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ክላይቭ ፊቱ ቀላ።

"አይ ዩኒቨርሲቲ! እኔ ዲስክ ስገጥም አንቺ ጡጦ ትጠቢ ነበር!"

"እውነትዎን ነው። ያኔ የገጠሙት ዲስክ ግን አይጨምቅም ነበርና ልኬትዎ ትክክል ነበር። ዲስኩ ተለወጠ፣ እርስዎ መለኪያውን አልለወጡትም።" ከባንኮኒው ላይ አንድ እፍኝ ባዶ የዳቦ ከረጢት አንስታ ጨመቀችና ኪሷ ከተተችው። "ይኸው፣ ይህን ሁሉ ዳቦ ተሸከምኩ ብል ያምኑኛል?"

"ባዶ ጣሳ ይጮሃል፣ ክላይቭ" አልኩት እኔም፣ አላስችል ብሎኝ።

ኩራቱ ሲነካ የሚታገሥ ሽማግሌ የለም። ክላይቭ በቀጥታ ወደ ጀልባዋ ገሰገሰ፤ ተከተልነው። "የማይጨመቅ ነው የምትፈልጊው? እሺ!" አለና ዲስኩን ቅጥ አምባሩ የጠፋ፣ በዘፈቀደ የተበተነ የቁጥር ትርምስ አበላው። ውጤቱ መቶ ሠላሳ ሆነ። ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

"መንታውን፣ ያንን ሁለተኛውን ዲስክ ብንጨምርበት እንኳ ሁለት መቶ ስድሳ ነው" አለ። "አይበቃም። ካፒቴን፣ ጉዞው ይቅር።"

ድምፁ እንደዚያ ሲሰበር ሰምቼው አላውቅም።

"ኧረ አጎቴ! አሁን ደግሞ በሌላው በኩል ወደቁ" አለች ብሪዮኒ፣ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ። "ባሕር ባዶ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ትርምስም አይደለም። ጨለማ ውሃ አለ፣ ጸጥታ አለ፣ በመጠኑ ይጨመቃል። የሚጭኑት የባሕር ቀረጻ ከሆነ በባሕር ቀረጻ ይለኩት። ያምናው የለዎትም?"

ነበረው። አጭር ቁራጭ መርጦ ሲሞክር ማሽኑ በሺህ የሚቆጠር ፍጥነት አሳየ፤ ክላይቭ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

"ቀስ! እሱን የተቀበለው የማሽኑ ጊዜያዊ ማከማቻ፣ ሜሞሪው ነው፤ ዲስኩ ገና አልነካውም። ከሜሞሪው በእጅጉ የሚበልጥ ይስጡት፤ ዲስኩ ላይ ማረፉንም ይጠብቁ።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብሎ አጉረመረመ ሽማግሌው፤ ግን ጠበቀ። እኔም ሻይ አፍልቼ እስክንጠጣ ድረስ ዲስኩ ይንኮሻኮሽ ነበር። መቶ ሰማንያ።

"ከመንታው ጋር ይበቃል!" አልኩ። "ለመሆኑ መንታው የት ነው?"

ክላይቭ ጉሮሮውን ጠረገ። ዲስኩ ቤቱ ነበር፤ የሰፈሩን ቡድን የእግር ኳስ ግጥሚያዎች ሞልቶበታል።

"መጥፋት አለበት" አለች ብሪዮኒ።

"የዋንጫውም?"

"የዋንጫውም።"

ሽማግሌው ጣሪያ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ በሳቅ ፈነዳ። "ለነገሩ ተሸንፈን ነበር፤ ይጥፋ!"

ሁለቱን ገጥመን፣ ደምረን ከማመን ይልቅ ባንድ ላይ አስሮጠን ለካናቸው። ሦስት መቶ ሃምሳ አገኘን፤ ከሚያስፈልገን በላይ ነው።

በማግስቱ ከባሕር ወሽመጡ ስንደርስ እናቲቱ ከነልጇ ዳር ይዛ ተኝታ ነበር። ሞተር አጠፋሁ። ክላይቭ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ፤ ብሪዮኒ ዓይኗን ከዲስኮቹ ላይ አልነቀለችም። አንድም ነገር አልተቆረጠም። ቀረጻው ሲያበቃ ሽማግሌው እንባውን በእጅጌው ጠርጎ፣ "ሰማኋት። እንደ ሰው እናት ነው የምታባብለው" አለ፤ ማዳመጫውንም አውልቆ በብሪዮኒ ጆሮ ላይ አደረገላት።

እስቲ አንባቢ ይፍረድ። የዜሮውን ልኬት አምነን ባንድ ዲስክ ሄደን ቢሆን ያ ድምፅ ግማሹ በቀረ። ትርምሱን አምነን ቢሆን ደግሞ ከወደብ ባልተነሣን። ጭነትን እሱኑ በሚመስል ጭነት፣ ከሜሞሪ በሚበልጥ መጠን፣ እስኪያርፍ ታግሦ የለካ ሰው በከንቱ አይኮራም፣ በከንቱም ተስፋ አይቆርጥም። ክላይቭን ያህል ግትር ሰው ከተማረው፣ ማንም ይማረዋል።

ስንመለስ ዳቦ ሻጯ ፈገግ ብላ፣ "እህሳ ክላይቭ፣ ዲስክህ ስንት ይሮጣል?" አለችው።

ሽማግሌው ፓዩን አስቀመጠ። ብሪዮኒን አየት አደረጋትና ወደ ዳቦ ሻጯ ዞሮ፣ "መጀመሪያ ምን ልትጭኚበት እንደሆነ ንገሪኝ" አላት።