ካልሲ የለበሰው የትንፋሽ ማጠንከሪያ

ደብረ ብርሃን፣ ንፋሻማ ከሰዓት፤ ሳንባቸውን ለረጅም ዓመት የታመሙት አቶ መንበሩና ባለቤታቸው እታገኝ፣ በሩም መስኮቱም በተዘጋጋ ሳሎን ውስጥ።

መንበሩ፦ አምጪው አልኩሽ፣ እታገኝ!

እታገኝ፦ አላመጣም! ጠዋት ስበሃል፣ ይበቃሃል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ትንፋሹን ይቆጥባል እንጂ የፕላስቲክ ቱቦ ሲስብ ይውላል?

መንበሩ፦ ሐኪሟ ስትናገር አብረሽኝ አልነበርሽም? እየከበደኝ ስስበው ነው የመተንፈሻ ጡንቻዬ የሚጠነክረው።

እታገኝ፦ ጡንቻ! በዚህ ዕድሜህ ከማን ልትደባደብ ነው?

መንበሩ፦ ከማንም። እሑድ የልጅ ልጄ ሠርግ ላይ ቆሜ ልመርቅ ነው።

እታገኝ፦ ጎረቤታችን ባሻ ይመር ባንተ ፋንታ ይመርቃል ተባብለን የለም እንዴ? ተስማምተናል እኮ!

መንበሩ፦ የተስማማችሁት አንቺና ባሻ ናችሁ። እሱ ደግሞ ሲመርቅ የሚያስፈራራ ነው የሚመስለው። አምጪ!

እታገኝ፦ እንካ። ቀስ ብለህ ታዲያ። ቆይ፣ ትከሻህን በጋቢው ልሸፍነው።

መንበሩ፦ እህህ... እህ...

እታገኝ፦ አየህ? አላልኩህም?

መንበሩ፦ አልሳብ አለኝ። የመጀመሪያ ቀን ሐኪሟ ፊት ስስበው ደህና ገብቶልኝ ነበር። ቤት ከገባሁ ወዲህ እየባሰብኝ ሄደ። በቃ፣ ለባሻ ንገሪው። አልቆልኛል።

እታገኝ፦ ኧረ በስመአብ በል! አሁን ምሳ ላይ የኔን ድርሻ ጨምረህ የበላህ ሰውዬ ምንህ ነው ያለቀው?

መንበሩ፦ ቆይ... ይሄ ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ክር ምንድነው?

እታገኝ፦ እሱማ ካልሲው ነው። እኔ ነኝ የሠራሁለት።

መንበሩ፦ ለማን?

እታገኝ፦ ለመሣሪያው ነዋ! ሬዲዮኑ ዳንቴል አለው፣ ቴሌቪዥኑ አለው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ እንኳ ቀሚስ አለው። እሱ ብቻ ራቁቱን ይቀመጥ?

መንበሩ፦ አንቺ ሴትዮ፣ አየሩ የሚገባው እኮ በዚህ ቀዳዳ ነው!

እታገኝ፦ ስለሚገባ እኮ ነው! የደብረ ብርሃን ብርድ ቀጥ ብሎ ሳንባህ ውስጥ ይግባልህ? እንዲያውም ከውስጥ ጥጥ አድርጌበታለሁ።

መንበሩ፦ ጥጥም አለበት?!

እታገኝ፦ ትንሽ ናት።

መንበሩ፦ ሞቴ የደረሰ መስሎኝ ይኼን ሁሉ ቀን ከጥጥ ጋር ስታገል ነበር! ለልጆቹ ኑዛዜ ልናገር ምንም አልቀረኝም! ዞር በይ፣ ላውልቀው... ጥጡንም... እስቲ አሁን ልሳበው... ፊይይይይ!

እታገኝ፦ እመብርሃን! ምንድነው ያፏጨው?

መንበሩ፦ እኔ ነኝ! ሰማሽ? እስከ ሆዴ ድረስ ገባ! ነይ ጎንበስ በይ፣ ምርቃቱን ልሞክርብሽ። ውለዱ፣ ክበዱ፣ ቤታችሁ ይሙላ፣ እህላችሁ ይባረክ፣ ክፉ አይንካችሁ... አሜን በይ እንጂ!

እታገኝ፦ አልልም።

መንበሩ፦ ሳላርፍ አልኩት እኮ! ደግሞ ምን ያስለቅስሻል?

እታገኝ፦ አባቴ ታናሼን ድረው፣ መርቀው፣ «እንግዲህ ጨርሻለሁ» ብለው ሳምንት እንኳ ሳይቆዩ ነው የሄዱት። አንተም ጨርሻለሁ ብለህ ብትሄድብኝስ?

መንበሩ፦ እና ባሻ ከመረቀ እኔ አልሞትም?

እታገኝ፦ ሥራውን ያልጨረሰ ሰው የት ይሄዳል?

መንበሩ፦ እታገኝዬ፣ የትም ልሂድ አላልኩም። ያቺን ልጅ በራሴ አፍ፣ በራሴ ትንፋሽ መመረቅ ነው የፈለግሁት።

እታገኝ፦ እሺ፣ መርቅ። ግን ግማሹን ብቻ! የቀረውን ለሚወልዱት ልጅ ክርስትና ታቆየዋለህ፤ እስከዚያ ድረስ ሥራ አለብህ።